ኑዕማን የመረጠው የክረምት መጽሐፍ

የሚንቁትን ሰው ማስተማር አይቻልም፤ ንቀቱ ራሱ ትምህርት ሆኖ ይተላለፋልና። ይህን ነገር ሊቃውንት በብዙ ቃል ተናግረውታል። ሸዋ ሮቢት ግን በአንድ ክረምት፣ ያውም በአንዲት ዔሊ ምክንያት፣ አስመስክራዋለች።

ኑዕማን የካራቆሬ ተወላጅ ሲሆን፣ በሸዋ ሮቢት የቆላ ልጆች ንባብ ማኅበር የሚባለው ድርጅት የቅርንጫፍ ኃላፊ ነበር። ቅርንጫፉ በደሴ መንገድ ዳር፣ ከባጃጆቹ ተራ ፊት ለፊት ያለች አንዲት የቆርቆሮ ቤት ናት፤ ቀትር ላይ ውስጧ ዳቦ ሊጋገርባት ይችላል። በዚያች ቤት ውስጥ ኑዕማን ክራባት ያስር ነበር። በዚህ ሙቀት ክራባት ምን ያደርግልሃል ሲሉት፣ "ሥራ ክብር አለው" ብሎ ይመልሳል፤ ላቡንም በመሐረብ ይጠርጋል። ስልክ ሁለት ነበረው፤ አንዱ ለሥራ፣ አንዱ ለወዳጅ። ሁለቱንም በጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አጋድሞ፣ የሚመጣ ሰው ሁሉ ቆጥሮ እስኪጨርስ ድረስ ዝም ይላል።

ምኞቱ አንድ ብቻ ነበር፤ ከቆላው ወጥቶ በደብረ ብርሃን ዋና መሥሪያ ቤት መቀመጥ። ለዚሁ ምኞት ሲል ካፖርት ገዝቶ በቁም ሣጥን ውስጥ ከሰቀለው ዓመት ሊሞላው ነው። ሚስቱ ሪሀና ብል እንዳይበላው በየሳምንቱ እያወጣች ታራግፈዋለች፤ ጎረቤትም "ደጋው መቼ ይመጣላችኋል?" እያለ ይጠይቃታል።

ደጋው በሰኔ ወር በስልክ መጣ። የማኅበሩ ዋና ኃላፊ አቶ ደሳለኝ ደውለው እንዲህ አሉት፤ "በዚህ ክረምት እያንዳንዱ ቅርንጫፍ ከሰባት ዓመት በታች ላሉ ልጆችና ለወላጆቻቸው የሚሆኑ መጻሕፍትን ይምረጥ። ወላጅና ልጅ በቤታቸው አብረው እንዲያነቡ ነው የምንፈልገው። በነሐሴ መጥቼ አያለሁ። ሥራው ያማረለት ሰው ወደዚህ ተዛውሮ የሕፃናት ንባብ ክፍልን ይመራል።" ኑዕማን ስልኩን ሲዘጋ የጽድ ሽታ ሸተተው።

መጻሕፍቱ በካርቶን ታሽገው፣ በጭነት መኪና ከደብረ ሲና ቁልቁለት ወርደው ደረሱ። ካርቶኖቹን የከፈተችው ሰላማዊት ናት። ሰላማዊት የቅርንጫፉ ብቸኛ ሠራተኛ ነበረች፤ ከፍታም መሬት ላይ ተቀምጣ ማንበብ ጀመረች። ይህ ለኑዕማን ሥራ መፍታት መሰለው።

"ጋሼ፣ አንድ ሐሳብ ነበረኝ" አለችው። "በገበያ ቀን እናቶቹ ልጆቻቸውን ይዘው ይወጣሉ። ምንጣፍ ዘርግተን እናንብብላቸው። ልጁ 'ድገሚልኝ' ያለውን መጽሐፍ እንለየው። እናትየዋም የምትወደውን ትምረጥ።"

"እናትየዋ ትምረጥ?"

"አብራው የምትቀመጠው እሷ ናት እኮ።"

"ሰላማዊት፣ ሐኪም መድኃኒት ሲያዝ በሽተኛውን 'ጣዕሙ እንዴት ነው' ብሎ ይጠይቃል?"

"ሕፃን ሲተፋው ግን ያያል፣ ጋሼ።"

ኑዕማን ክራባቱን አጠበቀ። ከዚያም መምረጥ ጀመረ። የሮቢት ነጋዴ ማሾ ሲገዛ እንኳ አንዲት ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ድርቀቷን ይፈትናል። ኑዕማን መጻሕፍቱን በመዳፉ መዘናቸው እንጂ አልገለጣቸውም። ወፍራሞቹን ወደ ግራ ጣለ። በየገጻቸው ግርጌ ለልጁ ጥያቄ የሚያቀርቡትንም ሰላማዊት አሳየችውና እነዚያንም ወደ ግራ ጣለ፤ "ልጅ ከተጠየቀ ወላጁን ይጠይቃል፤ ወላጅ ይደናገራል፤ ወላጅ ከተደናገረ እዚህ ይመጣል" አለ። ማንበብ የማይችል ወላጅ ሥዕሉን እያሳየ ከልጁ ጋር እንዴት እንደሚጫወት የሚያስረዱ ለወላጆች የተዘጋጁ መጻሕፍትም ነበሩ። ከእነርሱ አንዱን በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ የሞተ አይጥ እንደሚጣል፣ ከግራው ክምር ላይ አኖረው።

በቀኝ በኩል አንዲት ቀጭን መጽሐፍ ብቻ ቀረች። በፀሐይ ተቃጥላ ጥላ ፍለጋ የወጣች የአንዲት ዔሊ ታሪክ ናት፤ በየገጿ ከሁለት መስመር የሚበልጥ ጽሑፍ የለባትም፤ ቅጂዋ ግን ለልጆቹ ሁሉ ይበቃል።

"ልጆቹ ይወዷታል ብለው ነው?" አለች ሰላማዊት።

"ይይዟታል።"

"ማንበቡስ?"

"አንቺ የዓመት ፈቃድሽን ውሰጂና እናትሽን ጠይቂ። ክረምቱን እኔ እወጣዋለሁ።"

ሰላማዊት ወደ ደብረ ሲና ወጣች፤ የቀሩት መጻሕፍት ወደ መጋዘን ገቡ፤ ቁልፉም በኑዕማን ኪስ ገባ።

አሁን የሐሳቡን ሥር መግለጥ ይገባል። የዚህ የይፋት አገር ልጅ ገና አፉን እንደ ፈታ በቁርኣን ቤት ከኡስታዙ ፊት ይቀመጣል። ከኡስታዙ አፍ የሰማውን ቃል እንዳለ ይቀበላል፤ ሳያጎድል ሳይጨምር እንዳለ ይመልሳል። ትርጉሙ በጊዜው ይመጣለታል፤ እስከዚያው ድረስ ጆሮው አደራ ጠባቂ ነው። ኑዕማን ራሱ በካራቆሬ በዚሁ ሥርዓት አድጓልና የእነዚህን ጆሮዎች ኃይል ያውቃል። ስለዚህም እንዲህ አሰበ፤ ልጆቹ የዔሊዋን ታሪክ በቃላቸው ከያዙ፣ መጽሐፉን በእጃቸው ይዘው ገጹን በጊዜው ከገለጡ፣ የሚያነቡ ይመስላሉ፤ አቶ ደሳለኝም ከመምሰል አልፎ የሚመረምር ሰው አይደለም። እንዲህ አድርጎ ለተቀደሰው የዘምዘም ውሃ የተሠራውን ዕቃ፣ መኪና ሊያጥብበት ተዋሰው።

አንድ ቀን ቀትር ላይ በሩን ዘግቶ፣ የሥራ ስልኩን መቅረጫ ከፍቶ፣ ታሪኩን በለሰለሰ ድምፅ ያነብ ጀመር። ገጽ በሚገለጥበት ቦታ ሁሉ ልጆቹ እንዲያውቁት ጠረጴዛውን በጣቱ አንድ ጊዜ ይመታል። ዔሊዋ ከግራሩ ዛፍ ሥር ስትደርስ የወዳጅ ስልኩ ጮኸ። ደዋዩ በድሩ የሚባል የካራቆሬ ጓደኛው ነበር። ኑዕማን አነሣና አወራ። በወሬው መካከል የልጆቹን ወላጆች አነሣ፤ አቶ ደሳለኝንም አነሣ፤ ማናቸውንም በበጎ አላነሣቸውም። ከዚያም ስልኩን ዘግቶ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ንባቡን ካቆመበት ቀጠለ። የሥራ ስልኩ ግን ወዳጅና ሥራ የሚለይበት ብልሃት የለውምና ሁሉንም አብሮ ይቀርጽ ነበር።

የቀረጸውን መልሶ አላደመጠም፤ ራስን ማረም የተማሪ እንጂ የመምህር ሥራ አልመሰለውም። ወዲያው በቴሌግራም ለወላጆች ላከ፤ ኢንተርኔት ለሌላቸውም በስልክ ጥገና ቤት በሜሞሪ ካርድ አስገልብጦ አደለ። ትእዛዙ አጭር ነበር፤ "ጠዋትና ማታ አሰሟቸው፤ በቃላቸው ያምጡት።"

ወላጆቹም ከነቀፋ አያመልጡም። "የእኔ ልጅ እስከ ዛፉ ደርሷል"፣ "የእኔ ዛፉን አልፋለች" እያሉ ይፎካከሩ ጀመር፤ ልጄ አንዲት ፊደል ለየ ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልነበረም። አብዛኞቹ ስልኩን ለልጁ ከፍተው ወደ እርሻቸው ወይም ወደ ሱቃቸው ይሄዳሉ። ቁጭ ብላ እስከ መጨረሻው የሰማችው ሙሚና ናት። ሙሚና ሽንኩርት ነጋዴ ስትሆን የስድስት ዓመቷ የዓሊያ እናት ናት፤ ሽንኩርት እየለየች ስታደምጥ እጇ በድንገት ቆመ። መጀመሪያ ዔሊዋ ስልክ ያላት መሰላት። ደግማ ሰማች። ሻርፗን አስተካክላ ወደ ቆርቆሮው ቤት ሄደች።

"አሰላሙ ዐለይኩም፣ ጋሼ ኑዕማን።"

"ወዐለይኩም ሰላም። ልጅሽ ይዛለች?"

"አልሐምዱ ሊላህ፣ አሳምራ ይዛለች። ግን ጋሼ፣ ዔሊዋ ከዛፉ እንደ ደረሰች የሚመጣው ነገር... ለልጅ አፍ ይሆናል ወይ ብዬ ተጨነቅሁ።"

"አንቺ ማንበብ ትችያለሽ?"

"አልችልም።"

"ታዲያ በመጽሐፉ ያለውንና የሌለውን በምን ለየሽው?"

"በጆሮዬ።"

"ጆሮሽን ለገበያሽ አድርጊው። የመጽሐፍ ምርጫ የሽንኩርት ምርጫ አይደለም።"

ሙሚና ግን አልሄደችም። የመጣችው በቅን ልብ ነበርና አንድ ጊዜ ደግማ ሞከረች።

"እርስዎ ራስዎ አንድ ጊዜ ቢያደምጡት ብዬ ነው እኮ፣ ጋሼ። ለእርስዎው ስል ነው።"

"ስሚ ሙሚና። በቁርኣን ቤት ኡስታዙ ያስቀራውንና ያስያዘውን ቃል ወላጅ ያርመዋል?"

"አስተግፊሩላህ። ኧረ አያርምም።"

"እንግዲያ ይህም እንደዚያው ነው። እኔ ያልኩት እንዳለ ይያዝ። አንዲት ቃል የጎደለባት ልጅ እንግዳው ፊት አትቆምም።"

"አንዲትም?"

"አንዲትም።"

"ካሉስ አይጎድልም፣ ኢንሻ አላህ" አለችና በሻርፗ ጫፍ አፏን ሸፍና ወጣች። ኑዕማን አፏን የሸፈነችው አፍራ መሰለው።

ሙሚና የሰማችውን ለእናቶቹ አሰማቻቸው። አንዷ ተቆጥታ "ሄጄ ክራባቱን ባላጠብቅለት" አለች። በሰፈሩ በዕድሜ የምትበልጠው እትዬ ሐጂራ ግን ሁሉንም ዝም አሰኘቻቸው። "እሱ ኡስታዝ ነኝ ብሏል። ኡስታዝ ያለውን ማጉደል ነውር ነው" አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቶቹ ከስልኩ አጠገብ አልጠፉም።

ነሐሴ ደረሰ። የሮቢት ወንዝ ሞልቶ፣ መንገዱ ጭቃ ሆኖ፣ ሙቀቱ ግን ንቅንቅ ሳይል፣ አቶ ደሳለኝ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ከቆርቆሮው ቤት ፊት ድንኳን ተተክሏል። በአንድ ወገን ወላጆች፣ በሌላው ወገን እንግዶች፣ በመካከል ልጆቹ እያንዳንዳቸው ዔሊዋን ታቅፈው ተደርድረዋል። ሰላማዊትም ከፈቃዷ ተመልሳ ከድንኳኑ ምሰሶ ሥር ቆማለች። ኑዕማን ንግግር አደረገ፤ መጽሐፉን ከብዙዎች መካከል በብዙ ምርመራ እንደ መረጠው፣ ልጆቹም በአንድ ክረምት ማንበብ እንደ ቻሉ ተናገረ። ከዚያም ድምፀ መረዋዋን ዓሊያን አስነሣት።

ዓሊያ መጽሐፏን ገለጠች።

"ዔሊ ጥላ ፍለጋ ወጣች። ፀሐይዋ ጀርባዋን አቃጠለቻት። ቋ።"

በምላሷ "ቋ" ብላ ገጹን ገለጠች፤ የጠረጴዛው ድምፅ መሆኑ ነው። እንግዶቹ በጣም ደስ አላቸው። ፎቶ አንሺው ተጠጋ።

"ዔሊ ከግራሩ ሥር ደረሰች። 'ግራር ሆይ፣ ጥላህን ታካፍለኛለህ?' አለችው። አንዴ... ሃሎ፣ በድሩ። አይ፣ ሥራ ላይ ነኝ። የዔሊ ተረት እየቀዳሁ ነው። ምን ላድርግ ብለህ ነው፣ እነዚህ ወላጆች እንደሆኑ ከሽንኩርት በቀር የገለጡት ነገር የለ። የሲሚንቶ ከረጢት ባድላቸውም መጽሐፍ ነው ብለው ይቀበሉኛል።"

ኑዕማን እስከዚህ ድረስ ራሱን በአዎንታ ይነቀንቅ ነበር። የሚያውቀው ቃል ነውና ጆሮው አልደነገጠም፤ እንዲያውም የሰውየው አነጋገር ደስ አሰኝቶት ነበር። ሰውየው ማን እንደ ሆነ ትዝ ሲለው መነቅነቁን አቆመ።

"በቃ ዓሊያ፣ ጎበዝ፣ ተቀመጪ።"

ዓሊያ ተደናግራ አየችው።

"ገና አልጨረስኩም፣ ጋሼ።"

"ይበቃል ብያለሁ።"

ልጅቱ አንደበቷ ተያዘ። በቁርኣን ቤት ደግሞ አንዱ ሲደናቀፍ ሌሎቹ ይቀበሉታል እንጂ ቃሉ መሬት አይወድቅም። ልጆቹ በሙሉ መጽሐፋቸውን እንደ ታቀፉ፣ ባማረ ኅብር፣ ከተቋረጠበት አነሡት።

"ደሳለኝ? እሱን ተወው። እሱ መጽሐፍ የሚይዘው ፎቶ ሲነሣ ነው። ገልብጠው ቢሰጡትም አያውቅ። ልጆቹ ይሸመድዱለታል፣ እሱ ያጨበጭባል፣ እኔ ደብረ ብርሃን እገባለሁ። እሺ፣ ሰላም ሁን። እህህ። ግራሩም፣ 'ነዪ፣ ጥላ የሁሉ ነው' አላት። ቋ።"

ገጹንም አንድ ላይ ገለጡ። ከመንገዱ ማዶ አንድ የባጃጅ ሾፌር ሞተሩን አጥፍቶ አንገቱን አሰገገ።

"ማሻ አላህ" አለች እትዬ ሐጂራ፤ "አንዲት አልጎደለችም።"

ሳቁ ከወላጆቹ ወገን ተነሥቶ እንግዶቹን አዳረሰ፤ ፎቶ አንሺውም ካሜራውን ደረቱ ላይ አስደግፎ ሳቀ። ያልሳቁት ሁለት ሰዎች ብቻ ነበሩ። አቶ ደሳለኝ ተነሥተው ከዓሊያ እጅ መጽሐፉን ተቀበሉ፤ ከመክፈታቸውም በፊት የቱ ላይኛው፣ የቱ ታችኛው እንደ ሆነ በጥንቃቄ ተመለከቱ።

"አሁን ያልሽው የቱ ጋ ነው፣ ልጄ?"

ዓሊያ የግራሩን ሥዕል አወጣችላቸው። "እዚህ። ዛፉ ጋ።"

"ይህችን ቃል ብቻ አንብቢልኝ።"

ዓሊያ ቃሏን አየች፤ ሰውየውንም አየች። "ከመጀመሪያው ልጀምር?" አለች።

ሌላ ልጅ ጠየቁ። እሱም ከመጀመሪያው መጀመር ፈለገ። ሦስተኛው ገና ሳይጠየቅ "ዔሊ ጥላ ፍለጋ ወጣች" ብሎ ተነሣ።

"አቶ ኑዕማን፣ የላክንልዎት ሌሎች መጻሕፍት የት አሉ?"

ኑዕማን ላቡን ጠረገ። "በመጋዘን ናቸው" አለች ሰላማዊት ከምሰሶው ሥር። "ቁልፉ ጋሼ ኪስ ውስጥ ነው።"

"ለወላጆች የመረጡትስ?"

ኑዕማን ዙሪያውን አየና ሙሚናን ሲያይ ጣቱን ቀሰረባት።

"ይህች ሴትዮ ናት ያስጠናችብኝ። ቂም ይዛብኝ ነው። እኔ እንዲህ ያለ ቃል ከአፌ አይወጣም።"

ይህን ባለ ጊዜ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንድ አባት ሳይቸኩሉ ስልካቸውን ከፈቱ። የኑዕማን ድምፅ፣ ያው የለሰለሰው፣ በድንኳኑ ውስጥ "ሃሎ፣ በድሩ" አለ። አባትየው መልሰው ዘጉት፤ ሌላ መስማት አላስፈለገም።

"ጋሼ" አለች ሙሚና፤ ድምፅዋ አልተቆጣም፤ "ቢሮዎ ድረስ መጥቼ ነግሬዎት ነበር። አንድ ጊዜ ያድምጡት ብዬ ለምኜዎት ነበር። 'አንዲት ቃል የጎደለባት ልጅ አትቆምም' አሉኝ። የእኔ ልጅ ደግሞ መቆም አማራት።"

አቶ ደሳለኝ መጽሐፉን ለዓሊያ መለሱላት፤ ፎቶም ሳይነሡ ወደ መኪናቸው ሄዱ። ከመግባታቸው በፊት ግን ቁልፉን ከኑዕማን ተቀብለው ለሰላማዊት ሰጧት። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ምንጣፉ ተዘረጋ፤ ካርቶኖቹ ተፈቱ፤ እናቶቹም ልጆቻቸው "ይደገም" ያሉትን መጽሐፍ እየለዩ በሻርፓቸው ጠቅልለው ወሰዱ። ሙሚና ለራሷ ከሥዕል መጻሕፍቱ አንዱን መረጠች፤ ለመምረጥም ከልጇ ጋር ረጅም ጊዜ ተከራከረች።

ስለ ኑዕማን የተወሰነው የሚከተለው ነው። የሰፈሩ ሽማግሌዎች ከወላጆቹ ፊት አቁመውት፣ "አፉ በሉኝ፣ ማሩኝ" ብሎ ለመነ፤ ወላጆቹም "አፉ ብለናል" አሉት። ማኅበሩ ግን አፉ አላለውም። የዝውውር ጥያቄው ተሰረዘ፤ ከቅርንጫፍ ኃላፊነቱ ተነሥቶ በዚያው በሸዋ ሮቢት የመጋዘን ጠባቂ ሆነ፤ ለልጅም ሆነ ለወላጅ መጽሐፍ እንዳይመርጥ ተከለከለ።